ጉሎና አረቄ

ጠዋት ጠዋት የእኔ ሥራ ውሃ መለወጥ ነበር። እናቴ፣ ወለላ፣ አረቄ ታወጣለች። ድፍድፉ በእንስራ እሳት ላይ ተጥዶ ሲፈላ፣ እንፋሎቱ በመቃ ተሻግሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠች ማሰሮ ይገባና ጠብ፣ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። ውሃው ለብ ሲል እኔ ቀድቼ እደፋለሁ፤ ከምንጭ የመጣ ቀዝቃዛ እተካለሁ። ያን ሰኞም እንደ ሌላው ቀን ውሃ ለወጥኩ፤ ቂጣዬን በአዋዜ በላሁ፤ ጠርዙን ለውሻችን ጣልኩለት። አባቴ እንደ ልማዱ ደጅ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ታጠበና በነጠላው ጫፍ አደረቀ። ከዚያ መጥረቢያ አንሥቶ አጥራችንን ማፍረስ ጀመረ።

ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት።

“እንግዳ ይመጣል። በሩ አያስገባውም” አለኝ።

እንግዳው የጣሊያን ካሚዮን ነበር።

ጊዜው ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲጋመስ ነው፤ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። የጦሩ ጋራዥ በክረምቱ ተቃጥሏል፤ ማን እንዳቃጠለው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አባቴ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ መካኒክነት ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ የጣሊያኑ መቶ አለቃ ካሚዮኑን ወደ እኛ ግቢ ላከው። አሮጌው ፍሬኑ በብረት ዘንግና በሽቦ የሚሳብ ስለነበረ ተነቅሎ፣ በዘይት የሚሠራ አዲስ ፍሬን ሊገጠምለት ነው። ሲያልቅ ካሚዮኑ ጥይትና የመድፍ አረር ጭኖ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በወንዙ ዳር የጣሊያን ምሽግ አለ፤ ከምሽጉ ማዶ ደግሞ አርበኞች አሉ። ይህን ልጅም ብሆን አውቀው ነበር፤ ማርቆስ ውስጥ ያላወቀው ሰው አልነበረም።

ያፈርኩትም ስለዚህ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የብርጓል፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ፣ በተከፈተው አጥር አንገቷን አስግጋ ካሚዮኑን ከላይ እስከ ታች አየችውና “አባትሽ የሶላቶ ሎሌ ሆነ። ዛሬ አጥራችሁን አፈረሰ፤ ነገ ምሰሷችሁን ይነቅላል” አለችኝ። ድንጋይ ወረወርኩባት። ድንጋዩ ሳታት፤ ቃሏ ግን እኔን አልሳተኝም።

አዲሱ ፍሬን ከአስመራ በሣጥን መጣ። አባቴ ቀጫጭኖቹን የመዳብ ቧንቧዎች በጆንያ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ በአፉ እየነፋ ሲፈትሻቸው የቤተ ክርስቲያን መለከት የሚፈትሽ ይመስል ነበር። ሁሉም ነገር ነበረ፤ ዘይቱ ብቻ የለም። ጣሳው መንገድ ላይ ተበስቶ ጠብታ እንኳ አልቀረበትም። መቶ አለቃው ሲሳደብ ዋለ። አስተርጓሚው ፍሥሐ ከሣጥኑ ወረቀት አገኘና አነበበው፦ ግማሽ የጉሎ ዘይት፣ ግማሽ ውሃ የሌለበት ብርቱ አልኮል።

ፍሥሐ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ አስመራ ሄዶ ጣሊያንኛ ተምሮ ተመለሰ። ጠባብ ሱሪና የጣሊያን ቆብ ያደርጋል። እኛ ልጆች ሲያልፍ እንተፋለን፤ ትልልቆቹ ደግሞ እኛን አይቆጡንም።

አባቴ ወረቀቱን ሲሰማ የገበያ ዋጋ እንደተነገረው ሰው ቀለል አድርጎ፣ ጉሎው ከቆዳ ፋቂዎቹ ይገኛል፣ ብርቱውን ደግሞ ሚስቴ ታወጣዋለች አለ።

እናቴ ሁለት ዓይነት ነበራት። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ ነው፤ እሱን ገበያተኛው ይጠጣዋል። ተራው እንደገና እሳት ላይ ወጥቶ ሲወርድ ዳግም ይባላል። ዳግሙ በሰም በታሸገ ደምበጃን፣ ተራው በጨርቅ በተወተፈው ይቀመጣል። መቶ አለቃው ካላየ አያምንምና እናቴ ከባለ ሰሙ በክዳን ቀድታ እሳት ለኮሰችበት። ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ፤ እስከ መጨረሻው ነደደ፤ ክዳኑ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ከዚያ አባቴ በብርጭቆ ዳግሙን ከጉሎ ዘይት ጋር ቀላቀለው። ጠራ። በብርጭቆው ውስጥ የአባቴ ጣቶች ወዲያ ማዶ ይታዩ ነበር። መቶ አለቃው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ጌሾ እየለቀመች፣ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ብሎን በቅባት እያሸ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

“ቁልቁለቱን አይችለውም” አለ።

“ሜዳውንስ?”

“ሜዳውን ይችላል። ሜዳውን መቻል አለበት።”

ስለ በሬ የሚያወሩ መሰለኝ፤ አጎቴ ከይጁቤ አንድ ለእርሻ የማይሆን በሬ አምጥቶ ነበርና። በሬ ቁልቁለት ካልቻለ ይታረዳል ብዬ፣ ሥጋ ልንበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ፍሬኑ በሦስት ሳምንት ተገጠመ። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ በቧንቧው ውስጥ አየር ካለ መርገጫው ይሰምጣል እንጂ ጎማውን አይዝም። ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ በየጎማው ያለችውን ትንሽ ብሎን ይፈታል፤ ዘይትና አየር በጎማ ቱቦ ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። ብሎኗ ተፈትታ ሳለ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። መቶ አለቃው ወታደር ልስጥህ ብሎት አባቴ አልፈልግም አለ፤ እግሩ ከጆሮው የሚፈጥን ሰው አይሆንም ብሎ ምክንያት ሰጠ። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጋቢና ወጣች።

“ርገጪ።”

“ረገጥኩ።”

“ያዢ።”

“ይዣለሁ።”

“ልቀቂ።”

እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ከመርገጫው በጣም ከራቀው የኋላ ጎማ ጀምረው ወደ ፊት መጡ። ጎረቤቶች በፈረሰው አጥር ቆመው ይስቃሉ። ባልቴቷ ወለተ ሰንበት፣ ወለላ እኛንም ጭነሽ ሮብ ገበያ አድርሺን እንጂ ብላ ቀለደች። እናቴ ከላይ ሆና፣ “ከጠዋት ጀምሮ እየሄድኩ ነው፤ እሱ ነው እምቢ ያለው” ብላ መለሰችላት።

እኔ ከጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብርጭቆ እይዝ ነበር። ከጉሎው ጋር የተቀላቀለው አረቄ ከየትኛው ደምበጃን እንደመጣ ያየሁት በዚያ ጠዋት ነው። ባለ ሰሙ አልተነካም። ባለ ጨርቅ ውታፉ ነበር የተከፈተው። ብርጭቆው ውስጥ የሚወርደውም እንደ ያኔው አልጠራም፤ የአጓት ውሃ ይመስል ነጣ ብሎ ደፈረሰ።

ዛሬ ምክንያቱን ማስረዳት እችላለሁ። ተራ አረቄ ውስጥ ውሃ አለ። ጉሎ ከዳግም ጋር ይዋሃዳል፤ ከውሃ ጋር ግን አይስማማም፣ ይደፈርሳል። ፍሬን ሲያዝ ይግላል፤ የማርቆስ ሜዳ ላይ ግለቱ ትንሽ ነው፣ ተራውም ሠርቶ ያሳያል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ግን ጭነት ያለው ካሚዮን ሰዓት ሙሉ ፍሬን እንደያዘ ነው። ያን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው አረቄና ውሃ ይፈላል፤ ልክ እንደ እናቴ እንስራ እንፋሎት ይሆናል፤ መርገጫውም ባዶ ይወርዳል። አባቴና እናቴ ዕድሜ ልካቸውን ከእንፋሎት ጋር የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ጣሊያን መሐንዲሶቹን ይዞ መጥቶ ይህን ከእነሱ ለመጠየቅ አላሰበም።

ይህን ያኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ተራና ዳግም መለየት። ከመቶ አለቃውም፣ ከየብርጓልም፣ ከሶላቶው ሁሉ የምበልጥበት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ቀትር ሲሆን መቶ አለቃውና ፍሥሐ መጡ። እናቴ መርገጫውን ይዛ ነበር፤ ብሎኗ ተፈትታለች። መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ለምን ነጣ ብሎ ጠየቀ፤ ፍሥሐ ተረጎመ።

“አየር ነው በለው። ገና እየወጣ ነው” አለ አባቴ ከሥር።

“አየር አይደለም” አልኩ እኔ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፍሥሐን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። “ተራው ነው። ዳግሙ እኮ አይደፈርስም። ዳግሙ አልተከፈተም።”

ከካሚዮኑ ሥር የአባቴ እጅ ቆመ። መቶ አለቃው ልጅቷ ምን አለች በሚል ወደ ፍሥሐ ዞረ።

ፍሥሐ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ በጣሊያንኛ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። መቶ አለቃው ሳቀ። ኪሱን ዳብሶ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ካራሜላ አወጣና በሌላው እጄ አስያዘኝ፤ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ቀጥሎ ሰዓቱን አይቶ፣ የምሳ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና፣ ሁለቱም ሄዱ።

አዋቂነቴ የተሸለመ መሰለኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ካራሜላውን ቆረጠምኩት።

“ልቀቂ” አለ አባቴ ብሎኗን አጥብቆ። “ወለላ፣ አበቃ። ልቀቂ።” እናቴ አልለቀቀችም። አባቴ ከሥር ወጥቶ የጋቢናውን በር ከፈተ፤ እግሯን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሕፃን እንደሚያነሣ አድርጎ ከመርገጫው ላይ አነሣው። ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ።

ካሚዮኑ በኅዳር አሥራ አንድ በገበያው ሜዳ ተፈተነ። መቶ አለቃው ራሱ መሬት ላይ በኖራ መሥመር አስምሮ ከመሥመሩ ወዲህ ቆመ፤ አባቴ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ከመሥመሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ አደረገው። ወታደሮቹ አጨበጨቡ። መቶ አለቃው የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። የብርጓል ከሕዝቡ መካከል ሆና በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት ራሱ ይነዳል። የጦሩ ደንብ ነበር፤ አባቴ ይህን ያወቀው አጥሩን ባፈረሰ ቀን ነው። በማግሥቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሣጥኖቹ ተጭነው ስድስት ወታደር ከላይ ተቀምጦ፣ ካሚዮኑ ደጃችን ቆመ። አባቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ወጣ። አጠገቤ ተንበርክኮ ነጠላዬን አስተካከለልኝና በጆሮዬ፣ “ያን ቀን ያልሽው ልክ ነው። ዓይንሽ አይስትም። ለማንም ግን ደግመሽ እንዳትይው” አለኝ። ቃል ገባሁለት።

ወደ ጋቢናው ወጥቶ በሩን ገርበብ እንዳደረገ ተወው። ያን ጊዜ መቶ አለቃው ከስድስቱ አንዱን ወታደር ጠርቶ በእጁ አመለከተው። ወታደሩ በአባቴ በኩል ያለውን መወጣጫ ረግጦ ቆመ፤ በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋውና መስኮቱን ያዘ። አባቴን እንደ ትልቅ ሰው የሚጠብቁት መስሎኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራሁበት። የብርጓል ብታይ ብዬ ወዲያ ወዲህ ፈለግኋት።

እናቴ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ከዚያ ቆመች። አባቴ በወታደሩ ክንድ ሥር አሻግሮ አያት። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ፍሬኑ ገና ነው፣ አየር አለው ለማለት አፉን መክፈት ብቻ ነበር የሚበቃው። እናቴ አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሣችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ መርገጫውን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሞከረው። ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው፣ ፍሥሐና ሁለት ወታደሮች መጡ። ወሬው ቀድሟቸው ነበር፤ ካሚዮኑ ከደጀን በታች ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገብቷል፣ ጥይቱ እስከ ማታ ሲፈነዳ ውሏል፣ የተረፈ ሰው የለም። ሠፈሩ ሁሉ ሊያለቅስ ደጃችን ተሰብስቧል። እናቴ ግን ጠጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ጥለቱ ደማቅ የሆነ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ጎረቤቶች ጉድ አሉ። ወለተ ሰንበት አበደች ብላ ደረቷን መታች።

መቶ አለቃው የታጠፈ ባንዲራና ወረቀት ይዞ ነበር። በፍሥሐ አፍ እንዲህ አለ፦ ባልሽ ለመንግሥታችን በታማኝነት ሲያገለግል በአደጋ ሞቷል። ከወታደሮቻችን ጋር በክብር ይቀበራል፤ ስሙ በድንጋይ ይጻፋል። አንቺም ሚስቱ መሆንሽን በዚህ ወረቀት ላይ ፈርሚ።

“ባሌ አልሞተም” አለች እናቴ።

“እመት ወለላ፣ እባክዎ…” አለ ፍሥሐ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እንዳልኩት ንገረው። እንዳታሳምረው። ባሌ አልሞተም፤ የእናንተም ሎሌ አልነበረም። ያልሞተ ሰው አይቀበርም፤ የእናንተን ጨርቅም አይለብስም።”

ፍሥሐ እንዳለችው ተረጎመ። ቃል በቃል መሆኑን ከመቶ አለቃው ፊት አወቅሁት፤ ከጆሮው ጀምሮ ቀላ። ካልሞተ የት አለ ብሎ ጠየቀ። “እሱን እናንተ ፈልጉት” አለችው። ወታደሮቹ እንስራዎቹን በጠብመንጃ ሰደፍ ሰበሩ፤ ሁለቱንም ደምበጃን መሬት ላይ ከሰከሱ፤ ዳግሙና ተራው አንድ ላይ ፈሰሱ። እናቴን ይዘው ሄዱ። እኔን ወለተ ሰንበት ወሰደችኝ። እናቴ ከእስር ቤት የወጣችው ዐቢይ ጾም ሲያዝ ነው፤ ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም ነበር። ያኔም አላለቀሰችም።

እኔ ግን አልሞተም ያለችውን አመንኩ። ደግሞ ለምን አላምንም? እናቴ ዋሽታ አታውቅም። አባቴ ሲመለስ በካሚዮን ነው ብዬ ስላሰብኩ አጥሩ እንዲታጠር አልፈቀድኩም። ዘመዶች እንጨት ይዘው ሲመጡ ክፍተቱ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ። እናቴ “ተዉላት” አለቻቸው። ነፃነት መጣ፤ አጥሩ ክፍት ነበር። ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ክፍት ነበር። እናቴ በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት መገበሪያ ስንዴ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ተመልሳም ቀኑን ሙሉ አታወራም። ለሚካኤል ስለት ያላት ይመስለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ፍሥሐ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ሰው አሁንም ባንዳ ይለዋል። አንድ ቀን ወንበሩ አጠገብ ቆሜ፣ ያን ቀን ለመቶ አለቃው ምን ብለው ተረጎሙለት ብዬ ጠየቅሁት።

“ካራሜላ አለህ ወይ ትልሃለች አልኩት” አለኝ። ብዕሩን አላስቀመጠም።

ለምን ይህን ለሰው እንዳልተናገረ፣ ስሙን እንዳላጠራ ጠየቅሁት።

“እናትሽ ልትመሰክርልኝ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ተዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ለእኔ ከመሰከረች የካሚዮኑን መጨረሻ መናገሯ ነው፤ ሞቷል ማለቷ ነው። አንቺ ደግሞ ያን አጥር እያየሽ ነበር።”

የቀረውን እናቴ የነገረችኝ በመጨረሻው ዓመቷ ነው። ከሦስተኛው መታጠፊያ በፊት እዘላለሁ ብሎኝ ነበር አለች፤ በሩን ገርበብ ያደረገው ለዚያ ነው። ያ ወታደር መወጣጫው ላይ ሲቆም ሁለታችንም አወቅን አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ባለቤቴን በቀበርኩ ጊዜ አላለቀሰችም ብለው የታዘቡኝ ሰዎች አሉ። ከማን እንደተማርኩት አያውቁም።

እናቴ ባረፈች በአርባኛው ቀን አጥሩን አሳጠርኩ። ወደ ደጀንም ወርጄ ነበር፤ ቁልቁለቱ አለ፣ መታጠፊያዎቹም አሉ። ጣሊያኖቹ ለስድስቱ ወታደሮች ያቆሙት ድንጋይ በመንገዱ ዳር ቆሟል፤ የአባቴ ስም እዚያ ላይ የለም። ፍትሐት አልተደረገለትም። ተዝካር አልወጣለትም። መቃብር የለውም።